የነጠፈችው

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ብሩክሊን ፓርክ ከተማ፣ ከመሥሪያ ቤቴ መኪና ማቆሚያ ዳር አንድ የአጋዘን ግልገል ብቻውን ቆሞ አየሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ አጎቴ አደን ወሰደኝ። አጋዘኑ ሲበዛ በበረዶው ወራት የሚበላው ስለሚያጣ፣ የአደን ፈቃዱ የተሰጠን ሴት አጋዘን እንድንመታ ነበር። አገር ቤት ከብት ሲያረባ ያደገው አጎቴ ግን ይህን አልወደደውም።

“እኛ ጋ የምትታረደው የነጠፈች ናት፤ ወተቷ የቆመ” አለኝ፣ የርቀት መነጽሩን እየሰጠኝ። “ያንቺ ዓይን ይሻላል። ምረጪ።”

“ሁሉም አንድ ናቸው፣ ጋሼ።”

“የፍሪጅ ወተት ልጅ! ከሲታዋን ፈልጊ፤ ግልገል የማይከተላትን።”

ከመንጋው ተነጥላ የቆመች አንዲት ከሲታ አገኘሁ። አጠገቧ ግልገል አልነበረም።

“ያቺ” አልኩ። አጎቴ ተኮሰ።

ሆዷን ሊከፍት ሲንበረከክ ቢላዋው ግቷን ነካ። ወተት በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ፤ በብርዱ ውስጥ ይተን ነበር። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። አጎቴ እጁን በበረዶ አሸት አሸት አደረገ።

“አልነጠፈችም” አለ።

ዛሬ ሞተሩን አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ግልገሉ ሁለት ጊዜ ወደ ዛፎቹ ዞሮ አየ። እናት አልመጣችም።