የጋለው ካርድና የአቶ አንጁሎ ምርቃት

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንድ ሰርቨር ለማብረድ ነው። አርባ ምንጭ ሴቻ ውስጥ የሽማግሌዎችን ንግግር በቪዲዮ እየቀረጸ የሚያስቀምጥ ትንሽ ቢሮ አለ። ኃላፊዋ ማርታ ደውላ፣ «ጋሼ፣ የኔትወርክ ካርዱ እየጋለ ይጠፋል። የአባቴ ምርቃት ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ የወንድሜ የጴጥሮስ ሰርግ ደግሞ እሁድ ነው» አለችኝ። አባቷ አቶ አንጁሎ የዶርዜ ሸማኔ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት ጴጥሮስን ካሜራ ፊት መርቀውታል። ያን ቪዲዮ ለሰርጉ ላደርስ ነው የሄድኩት።

ላንቴ

ከሶዶ በኋላ ሙቀቱ አውቶብሱ ውስጥ አብሮን ተሳፈረ። አርባ ምንጭ መግቢያ ላይ ላንቴ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሙዝ ላይ ተረባረበ። የሸጠችልኝ ሴት ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«የጋለ ማሽን ላበርድ» አልኳት።

«እኛንስ ማን ያብርደን?» ብላ አንድ ሙዝ መረቀችልኝ።

ሴቻ

አርብ ጠዋት ቢሮው ስገባ ሰርቨሩ ለብሶ ቆሟል። ባለጥበብ ነጭ ሸማ ከላይ እስከ ታች፣ ከነጀርባው። በእኛ አገር ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ይለብስ የለ? ማርታ፣ «አባቴ ነው የሸመነለት፣ አቧራ እንዳይገባበት» አለች።

«ታዲያ ምን ነክቶት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም አፌ አያርፍ፣ «ጨርቁ ነዋ! አፍኖታል» አልኳት። ሸማውን አንስታ አጠፈችው፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ጨርቁ ከተነሳ በኋላም ግን ግለቱ እምብዛም አልወረደም። ሰርቨሩን ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ጋር የሚያገናኘው ይህ ካርድ ከአንድ ትልቅ የኮምፒዩተር ማዕከል በስጦታ የመጣ አሮጌ ዕቃ ነው። እዚያ ቀን ከሌት ኃይለኛ ማራገቢያ ይነፍስበት ነበር፤ እዚህ የሚነፍስበት የለም። ሥራ ሲፈታ እንኳ ኤሌክትሪክ ይበላል። ፍጥነቱን ወደ ሩብ አወረድኩት፤ ለዚህ ቢሮ ሩቡም ይተርፋል። ሥራ ሲያጣ እንዲያንቀላፋ አደረግኩ፣ በብርሃን የሚሠራውንና ራሱ የሚግለውን ማገናኛ አውጥቼ አጭር የመዳብ ገመድ ተካሁ፣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አስጠጋሁለት። ከሰዓት በኋላ ብረቱን በእጄ ስነካው አላቃጠለኝም። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘው። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኙ።

ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትነው። አቶ አንጁሎ በጋሞኛ ሲናገሩ ማርታ እየተከተለች ተረጎመችልኝ። «ልጄ ጴጥሮስ፣ ውለድ፣ ክበድ። ቤትህ እንግዳ አይጣ። ከሚስትህ ጋር…»

እዚያ ላይ ቆመ።

ማርታ የአባቷን ጨምሮ የብዙ ሽማግሌዎችን ቪዲዮ ከራሷ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨሩ ስትልክ፣ ካርዱ ግሎ መሀል ላይ ጠፍቶ ኖሯል። እሷ ሁሉም የሄደ መስሏት የራሷን ቅጂ አጥፍታ በላዩ ሌላ ቀርጻበታለች። እስኪመሽ ፈለግኩ፤ የለም።

ዶርዜ

ቅዳሜ ወደ ዶርዜ ስንወጣ መንገዱ በየጠመዝማዛው እየቀዘቀዘ ሄደ። የማርታ እናት ቆጮ በዳጣ አቀረቡልን። ነገሩን ስትነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ተረጎመችልኝ፦ «አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፤ የቀረው ምን ነበር?»

መልሷን ለሁለታችንም ተናገረች፣ ለእሳቸው በጋሞኛ፣ ለእኔ በአማርኛ። «ካሜራውን ነበር የማየው። ተቀርጿል ብዬ አልሰማሁትም።»

እናትዬዋ ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «እንዳለ፣ እስከቆመበት ይሰማ» አሉ።

ቤት

እሁድ እነሱ ለሰርግ ሲሰናዱ እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሰኞ ማርታ ደወለች። ካርዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰርጉም አምሮ አለፈ። «ድምፁ ሲቋረጥ ሰው ሁሉ ይቀጥላል ብሎ ጠበቀ» አለችኝ። «ኋላ እናቴ አሜን አለች፤ ሁሉም አሜን አለ።» «ጋሼ፣ ጨርቁ ባይኖር ሙሉው ይተርፍ ነበር አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ካርዱ ያለ ጨርቁም ይግል ነበር፣ ማርታ። ለእንደዚህ ያለ ክፍል የተሠራ አይደለም።»

እውነቴን ነው፤ በእጄ ነክቼ ያረጋገጥኩት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፣ እኔ ግን የምለቅመው አልተረፈልኝም። ይህን አርብ ጠዋት፣ ሸማውን ከማንሳቷ በፊት ብነግራት ኖሮ ታምነኝ ነበር። አሁን ግን «እሺ ጋሼ» አለችኝ፣ ሊያጽናናት የሚዋሻትን ሰው በምታመሰግንበት ድምፅ።