የሁለት ጾም ዋንጫ

የደብረ ታቦር ልጆች ለዋንጫ በደረሱበት ዓመት የቡድኑ ምግብ አብሳይ እኔ ነበርኩ። ኳስ የተማርኩት ከእነሱው ነው፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ። መስከረም ላይ ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። እያሸነፉ ሲመለሱ ግን ገበያተኛው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸው ጀመር። የቀረችው አንዲት ጨዋታ ነበረች፤ ባሕር ዳር ላይ ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ፣ ካላሸነፉ የባለሜዳዎቹ።

አምበሉ ጉልበቱን በፋሻ እየጠቀለለ፣ «እትዬ፣ ይቺን ዋንጫ ካላነሣሁ ሌላ አላነሣም» ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ ዓመት በላይ አትጫወትም ብሎታል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር። ጨዋታው ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የንስሐ አባታቸው፣ «መንገድም ሥራም አለባችሁ፤ የጾሙን ምግብ ጠዋት ቅመሱ» ብለው ፈቀዱላቸው። እኔም ዳቦና ምስር ወጥ ይዤ አብሬ ተሳፈርኩ።

ወረታ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ምግቡን ዘረጋሁ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን፣ ከቡድኑ ሙስሊሙ እሱ ብቻ ነበር፤ እንደወረደ ፈንጠር ብሎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አምበሉ እሱን አየና፣ «እትዬ፣ ክደኚው» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? አባ ፈቅደዋል እኮ!»

«አባስ ፈቀዱ። እሱ ጉሮሮው ደርቆ እየሮጠ እኛ ጠግበን እንግባ? ነውር ነው።»

አሰልጣኙ፣ ከሌላ አገር የመጡ ሰው፣ ራሳቸውን ያዙ። «ኳስ ልንጫወት ነው ወይስ ሱባኤ ልንገባ?»

«ግድ የለም አሰልጣኝ፣ እርስዎ ስለ እኛም ይብሉልን!» አለ በረኛው። ሳቁ። እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም።

በመጀመሪያው አጋማሽ አምበሉ በግንባሩ አገባ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ከእረፍት በኋላ ግን የባሕር ዳር ሙቀት እኛን ደገኞቹን ያዘን፤ የልጆቹ እግር ከዳቸው። የሚሮጠው ያ የቀኝ ክንፉ ብቻ ሆነ። አንድ ገባብን። ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው ሲገባብን አምበሉ ወድቆ ነበር፤ ለመነሣት ቢታገልም ጉልበቱ እምቢ አለው።

አውቶቡስ ውስጥ ተከላካዩ የቀኝ ክንፉን ተረበው፦ «እኛ ለአንተ ብለን ምግብ ትተን ስንወድቅ፣ አንተ ጾመህ እንደ ፈረስ ትጋልባለህ? ብትበላማ ጣናን ትሻገረው ነበር!»

ልጁ ደነገጠ። «ለእኔ ብላችሁ ነው?» አለ። ከዚያ አለቀሰ። «እኔማ በልቻለሁ። አባቴ መንገደኛ ነህ፣ ለቡድንህ ስትል ብላ፣ በኋላ ትጾመዋለህ አሉኝ። ጠዋት ቤት በላሁ። ወዲያ የተቀመጥኩት አባ እንደፈቀዱላችሁ ሳላውቅ፣ እናንተ ጿሚዎቹ ፊት ውኃ መጠጣት አፍሬ ነው።»

በረኛው፣ «ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለው።

አምበሉ ከፊት ወንበር እግሩን እንደዘረጋ ዞረ። «እኛስ መች ጠየቅነው?» አለ። ልጁን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠው፤ ትከሻውን አቀፈው። «ጥሩ ሮጠሃል። የከርሞውን አንተ ታነሣዋለህ።»

የአምበልነቱን የክንድ ጨርቅ ፈትቶ ልጁን አስጨበጠው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ኋላ ተቀምጬ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።