«ጳጉሜንም ይቀበላል» ያልኩ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ብያቸው ነበር። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ የቱን ውሸት ብለው አልጠየቁኝም፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ለምን ይለቀኛል? ኃጢአቴን በጅምላ ተናዝዤ ዝርዝሩን ለራሴ አስቀረሁት። የኔ ውሸት ግን ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሰው ስም አለው። ለእርስዎ የምነግርዎ ፊትዎን ስለማላየው ነው። እንዲያም ሆኖ ይህን ስጽፍ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ላፕቶፔን እከድናለሁ።

ናሆም እባላለሁ። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ቢሯችን መገናኛ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ከተከፈተ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ስብሰባችን ውስጥ ይገባል። በእኛ ሥራ ሁሉን ነገር ከመሠረቱ የሚገነባ የለም። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን ፍሬምወርክ ወስደን በላዩ ላይ የራሳችንን እንቀጥላለን። ፍሬምወርኩ ዶክመንቴሽን አለው። በግራ በኩል የስም ዝርዝር ነው፣ ወርዶ ወርዶ የማያልቅ። አንዱን ስም ሲነኩት ገጹ ይከፈታል፤ ይህ ትእዛዝ ምን ይቀበላል፣ ምን ይመልሳል፣ ምን ሲሰጡት እምቢ ይላል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። አብዛኛው ሰው ምሳሌውን ገልብጦ ይወጣል። እኔ ግን አነባለሁ ተብዬ የታወቅኩ ነበርኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስለማነብ መሪጌታ ይሉኛል። አንድ ነገር ግራ ሲገባቸው «መሪጌታን ጠይቁት» ይባባላሉ። ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ወድጄው ነበር። ከልቤ ወድጄው ነበር።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሥራ ሰጠችን። ልባቸውን የታመሙ ልጆች በየአራት ሳምንቱ እዚያ መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ የልባቸውን ቫልቭ ይጎዳል። የእኛ ድርሻ ቀላል ነበር፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ለወላጅ ስልክ መልእክት መላክ። ክሊኒኳ በእኛው አቆጣጠር ስለምትቀጥር፣ ከፍሬምወርኩ ውስጥ በተሰጠው ቀን መልእክት የሚልከውን ትእዛዝ መረጥን። ገጹ አናት ላይ «የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይቀበላል» የሚል አለ። ያንን አነበብኩ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ወደ ታች አልወረድኩም።

ሥራው ለሐያት ተሰጠ። ሐያት ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ የተቀጠረች ልጅ ናት። ወላጆቿ መገናኛ ጫማ ይሸጣሉ፤ እሷም እንደ ቤተሰቧ አሥር ጊዜ ለክታ አንድ ጊዜ የምትቆርጥ ነበረች። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ምሳ ሰዓት። ታች ያለው ቤት በያይነቱ ቶሎ ስለሚያልቅበት ጃኬቴን ለብሼ ቆሜያለሁ።

«መሪጌታ፣ ወሩን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይላል እኮ። ጳጉሜንስ ይቀበላል?» አለችኝ።

«ጳጉሜንም ይቀበላል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? እኔ ዶክመንቴሽኑ ላይ አላየሁትም።»

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«በቃ አንተ ካልክ እሺ» ብላ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አላነበብኩትም። ከገጹ ግርጌ «ማስታወሻዎች» የሚል ትንሽ ቀስት ነበር፤ ሲነኩት ይዘረጋል። ቀስቱን አይቼዋለሁ። አልነካሁትም። «ቆይ ልየው» ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር? አንድ ደቂቃ። ምግቡም ቢያልቅ ፓስታ ነበር። ርቦኝ አልዋሸሁም፣ ቸኩዬም አልዋሸሁም። ያላነበበ መሪጌታ ላለመሆን ዋሸሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ እግሬን ቀና አድርጌ የረገጥኩት ነው።

ግንቦት ሠራ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ሠራ። ጳጉሜ መጣች፣ ሄደች፣ ዓመቱ ተቀየረ። መስቀል ሊደርስ ሰሞን የክሊኒኳ ነርስ ሲስተር አልማዝ ደወሉ። በጳጉሜ ቀጠሮ የነበራቸው አሥራ አንድ ልጆች አንዳቸውም አልመጡም። መጀመሪያ የበዓል ሰሞን ነው ብለው ነበር፤ ኋላ መዝገቡን ሲያዩት ቀኑ ገረማቸው፣ ሁሉም ጳጉሜ ናቸው። «መልእክት ልካችኋል?» አሉ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። አለቃችን ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንሰብሰብ አለ።

ቦታዬ ሄጄ ገጹን ከፈትኩ። እስከ ግርጌው ወረድኩ፣ ቀስቱን ነካሁት፣ ተዘረጋ። አሥራ ሦስተኛ ወር ላላቸው አቆጣጠሮች ይህ ትእዛዝ ገና አይሠራም፤ ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ምንም የስህተት ምልክት ሳይሰጥ ያልፈዋል፣ ይላል። ሁለት መስመር ነው። ከወራት በፊት እዚያው ነበር፣ እኔን ሲጠብቅ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለዎት? ሐያትን ጠራኋት? ገጹን ዘጋሁት። ዘግቼ አልቀረሁም፤ ያን ቀን የከፈትኳቸውን ገጾች ዝርዝር ከኮምፒውተሬ ላይ አጠፋሁት። ስለዚህ ስብሰባው ላይ ደንግጬ ነው የዋሸሁት ብዬ ማመካኘት አልችልም። ተዘጋጅቼ ገብቻለሁ።

አለቃችን ጠየቀ። ሐያት አልሸሸችም፤ «ጠይቄ ነበር። ናሆም አንብቤዋለሁ፣ ይቀበላል ብሎኛል» አለች። ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲህ ማለቴን አላስታውስም» አልኩ።

«አላልኩም» አላልኩም። «አላልኩም» ብል ኖሮ ልትሟገተኝ ትችል ነበር። «አላስታውስም» ያለ ሰው ግን በምን ይያዛል? ሐያት አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። የልጆቹን ስም ዝርዝር አንስታ ስልክ ልትደውል ወጣች። ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ የሚያነቃው ዶሮ ነበረው። እኔ የሰማሁት «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት» እያለ የሚጣራ ረዳት ብቻ ነው።

አሥሩ ወላጆች ስልክ አነሱ፣ በማግስቱ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። የአንዷ አባት ስልክ ዝግ ነው። ላሊሴ ትባላለች፣ አሥር ዓመቷ ነው፣ ቦሌ ቡልቡላ። ሐያት እቤቷ ልሄድ ነው አለች፤ እኔም አብሬሽ ልሂድ አልኩ። ቢሮው ጨዋ ነው ብሎ አመሰገነኝ። እውነቱን ልንገርዎ፦ ልጅቷ ሞታ ከሆነ ከማንም ቀድሜ ልስማ ብዬ ነው። ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በየፌርማታው «አሁን እነግራታለሁ» እላለሁ፣ ረዳቱ በሩን ይዘጋል፣ አልነግራትም።

ቤቱ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው። እርሻው ተወስዶ ግቢውና አንዲት ላም ቀርተዋል። የላሊሴ አባት ኦቦ ገመቹ «አካም ጂርቱ፣ እንደምን ናችሁ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ስልኩ ለዚህ ነው የተዘጋው። ላሊሴ ውስጥ ተኝታለች። ጉልበቶቿ አብጠዋል፣ ገላዋ ይፋጃል፣ ከተኛችበት ሳትነሳ ደረጃ እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። ያንን ትንፋሽ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ሐያት ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መልእክቱን የምልከው እኔ ነበርኩ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሰው አይሳሳትም? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስልኬ ጥን ሲል ለላሊሴ እሰጣታለሁ፣ እሷ ታነብልኛለች። ጥን ካላለ በዓል ነው፣ ሐኪሞቹ አርፈዋል አልኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱስ?»

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። ጊዜ ሰጠችኝ። እምልልዎታለሁ፣ እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ። እኔ የላሊሴን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመርኩ።

«እሱ የሚያነብልን ነው» አለች።

ኦቦ ገመቹ እጄን ያዙ። «ያነበበ ሰው ይባረክ፤ እኛ ያነበበ ሰው ያለውን ነው የምናምነው» አሉኝ። እጄን መንጠቅ ፈለግኩ፣ አልነጠቅኩም። ምርቃታቸውን ተቀበልኩ። አሜን አልኩ! አሜን ያልኩበት አፍ ይህ ነው።

ላሊሴን በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐያት ከኋላ አቅፋት፣ አባትየው አጠገቧ፣ እኔ ከፊት። የልጅቷ ትንፋሽ በቆመ በመሰለኝ ቁጥር ዞሬ አይ ነበር። አምላኬ አትግደላት አልኩ። ግን ለእሷ ነበር የጸለይኩት? ወይስ ከሞተች ቀስቱን ማን ሳይነካ ቀረ ብሎ የሚመረምር ይመጣል ብዬ? ይህን ጥያቄ ከራሴ ጋር ብዙ ጊዜ ተሟግቼበታለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው ደግሜ ደግሜ የምሟገተው።

አልሞተችም። ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ቫልቩ ግን ከበፊቱ ብሷል፤ ሐኪሙ በቀረው መርፌ ምክንያት ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም አሉ። ማወቅ አይቻልም የሚለውን ለእኔ የተሰጠ ምሕረት አድርጌ የወሰድኩበት ቀን አለ። ያን ቀን ከሁሉም አብዝቼ አፍርበታለሁ።

ሐያት በጥቅምት ተሰናበተች። ደብዳቤዋን አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱ «ዶክመንቴሽኑን በአግባቡ ሳታነብ በመሥራቷ» ይላል። አሥር ጊዜ የምትለካዋ ሐያት፣ ሳታነብ! ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ በሩን ከፈትኩላት። «ቻው መሪጌታ» አለችኝ፤ አልሳቀችም። ጳጉሜን እንዲቀበል አድርጌ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ተመሰገንኩ፣ ደረጃም አደግኩ።

አራት ጳጉሜ አልፏል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ስለሚባል ቢራ ትቻለሁ፤ ጓደኞቼ ጾመኛ ሆንክ እያሉ ያሾፉብኛል። ነሐሴ ሲያልቅ እንቅልፍ አጣለሁ። ትእዛዙን ዛሬም ስለማላምነው በጳጉሜ ቀጠሮ ላላቸው ሁሉ ራሴ እደውላለሁ። ኦቦ ገመቹ ድምፄን ለይተውታል፤ «ያ የሚያነበው ልጅ» እያሉ ይመርቁኛል። ላሊሴ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ፎቅ ነው፣ ደረጃውን እያረፈች ትወጣለች። ስልኩ በጠራ ቁጥር፣ ሳይነሳ በቆየ ቁጥር፣ ያ ትንፋሽ ይመጣብኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቢሯችን የራሱ ዶክመንቴሽን አለው፤ ስለዚያ ትእዛዝ የሚናገረውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከገጹ ግርጌ፣ በሚዘረጋ ቀስት ስር፣ «ሐያት ጠይቃ ነበር፤ ይቀበላል ብሎ ያሳሳታት ናሆም ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። የጻፍኩ ሰሞን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማን ይነካዋል? ቀስት እንደማይነካ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀስቱን ስንት ሰው እንደዘረጋው የሚቆጥር ነገር አለን፤ በየሳምንቱ እየፈራሁ አየዋለሁ። እስካሁን ማንም አልዘረጋውም፣ እኔም በየሳምንቱ እፎይ እላለሁ።

ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለቱ የእርስዎ አይደለም። የሐያት ስልክ ቁጥር አለኝ፣ አልተቀየረም። ይህን ጽፌ እልክላታለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እስካሁን አልላክኩም። ሐያት ዶክመንቴሽኑን አንብባ፣ ያላገኘችውን ጠይቃ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ነበረብኝ። እዚህ ታች ያስቀመጥኩት እስከ ታች የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑን ስለማውቅ ነው።