ከጥዱ ሥር የተወሰደ አፈር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ የኢንዛይም ክፍሎችን ስትገጣጥም አሳየችኝ። አንዱን ታወጣለች፣ ሌላ ትተካለች፤ ማሽኑም ምን ዓይነት ውህድ እንደሚወጣ ይገምታል። ኢንዛይሙ የተገኘበት ባክቴሪያ ስም «እስቴ» መሆኑን አይታ ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ።

ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ገና የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ለመድኃኒት የምንፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ያልታረሰ አፈር ይወዳሉ፤ በእኛ አገር ያልታረሰ መሬት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ብዙም የለም። አጎቴ እስቴ ወረዳ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ የገብስ በሶ ቋጥሬ በእግሬ ሄድኩ።

«አፈሩን ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ።

ባክቴሪያው መድኃኒት የሚሠራበት ኢንዛይም፣ ክምር ሲከመር ነዶ እንደሚቀባበሉ ሰዎች በተርታ የቆሙ ክፍሎች እንዳሉት፣ እኛም ከመካከል አንዱን እንደምንለውጥ ነገርኳቸው።

«ሰው ቢለወጥ ነዶው ይለወጣል እንዴ?»

«እዚህስ ይለወጣል፣ የኔታ። እያንዳንዱ የራሱን ጨምሮበት ነው የሚያቀብለው።»

ተነሡና በቅጥሩ ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ራሳቸው ቆፍረው ሰጡኝ።

በጥቅምት በረዶ ገብሱን መታው። የታቦቱ አፈር ስለወጣ ነው ተባለ፤ አጎቴ ሸጡት ያሉም ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዳንዶቹ ትተዋቸው ወደ ጎረቤት ወረዳ ስማዳ ሄዱ። እሳቸው የቀሩትን ማስተማር ቀጠሉ።

የእኔ ሥራ ዓመታት ፈጀ። ክፍሉን ለወጥን፣ አዲስ ውህድም ወጣ። የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ገደለ፤ የሰውን የጉበት ሴሎችም አብሮ ገደለ። ሥራው ቆመ። የተረፈውን አፈር ይዤ ወደ አጎቴ ተመለስኩ።

«መድኃኒት ሆነ?»

«አልሆነም፣ የኔታ። አፈሩን አምጥቻለሁ። ባክቴሪያው ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ እየተራባ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አፈሩን ከጥዱ ሥር መለሱትና የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ገብሳቸው የጠፋባቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ተራባ ያሉትስ አይመለስም?» ብለው ጠየቁ።

«እሱ ይቆይ» አሉ አጎቴ። «ልጅቱ ሥራዋን አልጨረሰችም።»

ሐሜቱ በዚያ ቀን ቆመ ማለት አልችልም። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ከሠራኋቸው ውህዶችም አንዱ እንኳ ፋርማሲ አልደረሰም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልተሳካ ነገር ይደፋና ሌላ ይጀመራል። ሌላ ሰው ምን እንደከፈለበት የሚታየው አፈሩ ወደመጣበት አገር ሲሄዱ ነው። ተማሪዬን በጥር ይዣት እሄዳለሁ።