ወባ የለመደ ደም

አክስቴ፣ የአባቴ እህት ማለቴ ነው፣ ሰውን የሚመድቡት በደም ነው። የደጋ ሰው ደሙ ስስ ነው፣ የቆላ ሰው ደም ግን ወባን ለምዶታል ይላሉ። ዘር ከልጓም ይስባል የምትለዋ ተረት ከአፋቸው አትጠፋም። እናቴ ቆላ፣ ብድሬ የሚባል አገር የተወለደች ኦሮሞ ናት። ደጋ ወጥታ ሮቤ ከተማ አግብታ፣ ከአባቴ ዘመዶች ጋር ስትደግስና ስታስተዛዝን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች፤ ለእነሱ ግን ያው «የቆላዋ» ነበረች።

አምና ክረምቱ እንደወጣ ወንድሟ ሞቶ ለለቅሶ ብድሬ አብረን ወረድን። አጎበር በሌለበት ቤት ጎን ለጎን ተኛን። ትንኙ ዘር አልጠየቀም፣ ሁለታችንንም ነከሰን። ሮቤ ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ ሁለታችንንም ያንቀጠቅጠን ጀመር።

አክስቴ ለእኔ ኮንትራት መኪና ይዘው ጎባ ሆስፒታል ይዘውኝ በረሩ። የዚህች ልጅ ደም አይችለውም እያሉ ዘበኛውን ሳይቀር አዋከቡት። ግማሹ ደሜ የእናቴ እንደሆነ ማን ያስታውስ! ዘር በአባት ነው የሚቆጠረው፣ ይኸው።

እናቴን ግን እስኪ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ደርሰሽ ነይ አሏት። በእግሯ ሄደች። እዚያ ያለው ባለሙያ የት እንደተወለደች ጠየቃት። ብድሬ ስትለው፣ እናንተማ ለምዳችሁታል ብሎ ደሟን እንኳ ሳይመረምር ማስታገሻ ሰጥቶ መለሳት። እሷም አመነችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ይህንኑ ነው። ከሆስፒታል ስደውልላት ድምፅዋ ደክሟል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔን ወባ ያውቀኛል። አንቺ ብቻ ዳኚልኝ።»

ዳንኩላት። እሷን ግን ራሷን ከሳተች በኋላ እዚያው ጎባ ሆስፒታል አመጧት፤ ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር። አልተረፈችም።

ቆላ ተወልዳ እንዴት ወባ ይገድላታል ብዬ ሐኪሙ ላይ ጮህኩበት። እሱ ታግሶ አስረዳኝ። ቆላ ያደገ ሰው ወባን የሚችለው በብዛት እየተነከሰ ስለሚኖር ነው፤ ደጋ ወጥቶ ብዙ ዓመት ከከረመ ሰውነቱ ይረሳዋል። እናቴን ወባው ያገኛት እንደ እኔው ባዶ እጇን ነው።

ለቅሶው ላይ አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡ። ለምዳው አልነበር እንዴ፣ ምን ነካት እያሉ ከልባቸው ያለቅሳሉ። ማልቀሳቸው ይበልጥ አንገበገበኝ።

«እትዬ፣ እናቴ ደገኛ ከሆነች ቆይታለች» አልኳቸው። «ያላወቁት እርስዎ ነዎት። ወባው አውቆታል።»