ዝገት ይከላከላል ተብሎ የተሸጠልን ዕቃ

ዛሬ ካዛንቺስ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሠሪው የሟች ወንድሜን መኪና ምንጣፍ ሲገልጡት በወለሉ ቀዳዳ መሬቱ ታየኝ።

ወንድሜ ዝገት ይከላከላል ተብሎ ያስገጠመው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ነው። ክረምቱን ሙሉ መብራቱ እንዳይጠፋ የመኪናውን ባትሪ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነበርኩ። መኪናውን ግን ሸራ እንኳ አላለበስኩትም።

«ተበላሽቶ ነው ጋሼ?» አልኳቸው ላሜራ ሠሪውን።

«አልተበላሸም የኔ ልጅ። እሱ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ለተነከረ ብረት ነው፣ ለመርከብ። መኪና ላይ ግን መብራቱን ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም።»

ሻጩ ወንድሜን «የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ብሎት ነበር። የማን ዕድሜ እንደሆነ አልነገረውም።

እማዬ መኪናውን «የልጄ ማስታወሻ ነው» ብላ ነበር አልሸጥም ያለችው። አሁን ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ የሚፈልገው የለም።

ይህን ዕቃ የገዛችሁ ካላችሁ የደረሰባችሁን ጻፉልኝ። ለእማዬ አነብላታለሁ፤ ልጄ ብቻውን ተሞኘ ብላ እንዳታለቅስ።