ዘጠነኛውን ምዕራፍ ይዤ ወደ አቃቂ

ቅዳሜ ንጋት፣ ስድስት ኪሎ

ተማሪዎቼ «ፕሮፌሰር በጠዋት አይነሱም» እያሉ ያሙኛል። ዛሬ ቢያዩኝ ያፍሩ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ሹራብ ደርቤ፣ የትርጉሜን ረቂቅ በፌስታል ጠቅልዬ አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ዳቦ ቤቱ መዝጊያውን አሁን መክፈቱ ነው፤ ሽታው እስከ ታክሲ ተራው ይመጣል።

የማስተምረው ስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ያውም ዛሬ በሕይወት ያሉትን ደራሲዎች። «ይሄ ምን ሥራ ያስገኛል?» ያላለኝ የተማሪ አባት የለም። ከማስተማር በተረፈኝ ጊዜ ልብ ወለዶቻቸውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ልማድ አለኝ። ትርጉሙ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ኩባ አብራኝ ወደ ተማረችው ወደ አልማዝ ቤት፣ አቃቂ እወርድና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ለወጡት ጎረቤቶቿ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እነሱ ያዛጉበትን ገጽ እንደገና እሠራዋለሁ።

የዛሬው ግን ከማዛጋት ያለፈ ነው። በዘጠነኛው ምዕራፍ የአንዲት ተራራማ ከተማ የፋብሪካ ሴቶች አውቶቡስ ኮንትራት ይዘው የባልደረባቸው እናት ለቅሶ ይሄዳሉ። ቤት ይሳሳቱና የማያውቁት ሰው ለቅሶ ገብተው እንባቸውን ያፈሳሉ፤ መሳሳታቸው የሚገባቸው የቀረበላቸውን በልተው ሲጨርሱ ነው፤ ያኔ ሹልክ ብለው ይወጣሉ። መጽሐፉን ለመተርጎም የተነሳሁት በዚህ ምዕራፍ ሆዴን ይዤ ስለ ሳቅሁ ነው። አርታኢዬ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ «ፕሮፌሰር፣ የእኛ ሰው በለቅሶ አይስቅም፤ ቢቀር ይሻላል» አለኝ። ደራሲዋን ብጠይቃት «አገርሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብላ ሸክሙን መልሳ እኔው ላይ ጣለችው። በመጨረሻ ከአርታኢው ጋር ተስማማን፤ አቃቂ ካልሳቀ ምዕራፉ ይወጣል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ ነው።

ሳሪስን እንዳለፍን

ስታዲየም ታክሲ ስቀይር ረዳቱ «ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ፣ ይሞቅዎታል» ብሎኝ ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እውነትም ሞተሩ እግሬን ያሞቀዋል። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ይንፏቀቃል።

«መምህርት ነዎት?» አለኝ ሾፌሩ።

«በምን አወቅክ?»

«ወረቀት ታቅፎ የሚሄድ ወይ መምህር ነው ወይ ፍርድ ቤት የሚመላለስ።»

ሳቅሁና ምዕራፉን ባጭሩ አወራሁት። አልሳቀም። ማርሽ ቀየረ።

«የራሳቸውን ሟችስ ማን አለቀሰለት?» አለ።

ቃሊቲ ስንደርስ ምሳ ዕቃ የያዙ ሴቶች ወደ ማረሚያ ቤቱ ሊሄዱ ወረዱ፤ አንዷ ወጡ እንዳይፈስ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ አቃቂ ድረስ በሐሳቤ ምዕራፉን አወጣሁት፣ መለስኩት፣ ደግሞ አወጣሁት።

ረፋድ፣ አቃቂ በሰቃ

ከአስፋልቱ በባጃጅ ገባሁ። የድሮውን የባቡር ሐዲድ ሣር ውጦታል። በየበሩ ብረት ይበየዳል፤ ስልጤው ባለሱቅ ሳሙና እየደረደረ እጁን አነሳልኝ። ለእነ አልማዝ ትኩስ ቦንቦሊኖ ገዛሁ፤ ዋጋው ጨምሯል፣ ቦንቦሊኖው ግን አንሷል።

አልማዝ ገና ከበሩ በስፓኒሽ ተቀበለችኝ። ኩባ የተላክነው ሁለታችንም እርሻ ልንማር ነበር። እሷ ተምራ ጨረሰች። እኔ አንድ ቀን ክፍል ተሳስቼ ገባሁ፤ አስተማሪዋ ልብ ወለድ እያነበበች ነበርና አቋርጬ መውጣት አፈርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ግቢው ውስጥ እትዬ ዘነቡ ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከድጃና ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ሁሉም በፋብሪካው ፈትል ክፍል አብረው የኖሩ ናቸው። መሐል ላይ ንፍሮ ቀርቧል።

«ለቅሶ ነው የማነበው ስትዪኝ ቀቀልኩ» አለች አልማዝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ሴቶቹ አውቶቡስ ውስጥ በወንበር ሲጣሉ ጥቂት ፈገግታ አየሁ። የተሳሳተው ቤት ሲገቡ ግን ፈገግታው ጠፋ። ከድጃ ማላመጧን አቆመች። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ አስመሰልኩ፣ እጄን አወራጨሁ፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ። ልጄን የነጠቁኝ ያህል ከፋኝ።

እትዬ ዘነቡ ወደ አልማዝ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

«ኧረ ልጆቼን፣ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ታዲያ የዱከሙን ጉዳችንን ማን መጽሐፍ ውስጥ ከተተው?»

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው ከድጃ ናት። ሳቋ ሌሎቹን ይዟቸው ሄደ፤ በሳቁ መሐል ነገሩን ተቀባብለው ነገሩኝ። አልማዝን ጨምረው ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው ዱከም ለቅሶ ሄደው፣ ከሁለት ድንኳን ወደ ተሳሳተው ገብተው ኖሯል።

«ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘነቡ እንባቸውን እየጠረጉ። «እናታለም፣ እናታለም እያልኩ። ለካስ ሟቹ ሽማግሌ ናቸው።»

ለማንም ላይነገር ተማምለው ነበር። የስፓኒሹን መጽሐፍ አውጥቼ የደራሲዋን ፎቶ አሳየኋቸው።

«ይቺ ሴትዮ ዱከም መጥታ ታውቃለች?»

«ኧረ ከባሕር ማዶ ናት፣ እትዬ። አቃቂ የሚባል አገር መኖሩንም አታውቅም።»

ፎቶውን ትክ ብለው አዩት። «እዚያም እንደኛ ያለ አለ በይኛ።» ከዚያ ኮስተር አሉ። «አንድ ነገር ግን አላማረኝም። እነዚያ ሴቶች ሹልክ ብለው መውጣታቸው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ደንባችንን አደረስን። የራሳችንን ሟች ሄደን አለቀስን፤ ስንመለስ ሰዎቹ ቤት ጎራ ብለን ተሳስተን ነው አልናቸው። የሟቹ ባለቤት በእንባዋ ላይ ሳቀች። አርባውንም ሄድን። አንዴ ካለቀስሽ በኋላ መቅረት አለ እንዴ? ይሄን ጨምሪበት።»

«ተርጓሚ ነኝ፣ መጨመር አልችልም።»

«እንግዲያው ጻፊላትና እሷ ትጨምር።»

አርታኢዬ ጋ ደወልኩ። «ሳቁ?» አለኝ። ስልኩን ወደ ግቢው አዞርኩት። እትዬ ዘነቡ «እናታለም»ን ለከድጃ ደግመው እያወረዱላት ነበር።

«ይግባ፣ ፕሮፌሰር» አለኝ ስልኩን መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው። «ይግባ።»

ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻ

ደስታዬ ልክ የለውም። አልማዝ ባጃጅ ድረስ ሸኘችኝ፤ የተረፈውን ንፍሮ በፌስታል አሲዛኛለች።

«በሚመጣው እሑድ ዱከም የዚያ የተሳሳትንበት ቤት ልጅ ሠርግ አለ» አለችኝ። «ሁላችንም ተጠርተናል። አንቺም ነይ።»

«ማን ናት ቢሉሽስ?»

ባጃጁ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ቤት ተሳስታ ገብታ እዚያው የቀረች ናት እላቸዋለሁ። እነሱ ይገባቸዋል።»